በካላማዳሪ ወደ ቡልቡላ

በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ ለአንድ ጉዳይ ገንዘብ ማሰባሰብ ማለት መዋጮ ማለት ነበር። መዋጮ ደግሞ ወይ ሳይጠይቁህ ከደሞዝህ ላይ የሚቆረጥ፣ ወይ ካኪ የለበሰ ሰው ደረሰኝ ይዞ በር ሲያንኳኳ እየቆጨህ የምትሰጠው ነገር ነው። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህርት ሳለሁ፣ «ለደን ጥበቃ ገንዘብ እንሰብስብ» ብዬ ስነሳ የመምህራን ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ አቀረቀረ። የሒሳብ መምህሩ ሻዩን እያማሰለ፣ «ከየትኛው ወር ደሞዝ ነው የሚቆረጠው?» አለኝ።

«ከማንም አይቆረጥም። ትኬት ትገዛለህ፣ ትዝናናለህ፣ ወደ ቤትህ ትገባለህ።»

«እዝናናለሁ?» አለና ዙሪያውን ቃኘት አደረገ። ያኔ ቃሉ ራሱ ያስጠረጥር ነበር።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የትምህርት ጉዞ ነው። የተፈጥሮ ክበባችንን ተማሪዎች ወፍ ላሳያቸው ብዬ ወደ ቡልቡላ ይዣቸው ሄድኩ። በልጅነቴ ከዝዋይ ወደ ላንጋኖ ሲወርዱ መንገዱ ግራና ቀኙ ጥላ ነበር፤ ግራሮቹ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው የቆሙ ይመስሉኝ ነበር። ያን ቀን ግን ከመንገዱ ዳር ተደርድሮ ያገኘነው አፉ በሣር የተወተፈ የከሰል ጆንያ ነው። ወፍ ላሳይ ሄጄ ጉቶ አሳይቼ ተመለስኩ።

አንድ ያልተነካ ቦታ ግን ነበር። የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ ሲወርድ ከመንገድ ራቅ ብሎ የሚታጠፍበት ላይ፣ ግንዳቸው ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፋቸው ግራሮች ቆመዋል። የአካባቢው የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር የነበሩት አዛውንት እዚያ ወሰዱኝ። እኔ በገበያ ኦሮምኛዬ፣ እሳቸው ረጋ ባለ አማርኛቸው ተግባባን።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «መቁረጥ ክልክል ነው የሚል መመሪያ አለ። መመሪያው ግን ቆሞ አይጠብቅም። የአጥር ሽቦ ቢገኝ፣ ችግኝ የሚያጠጣ ሰው ተቀጥሮ ደሞዙ ቢገኝ፣ እኛ ቦታውን እንከልላለን።»

እሺ ብያቸው መጣሁ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

እናቴ ናዝሬት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገችኝ፣ ያስተማረችኝ፣ ዩኒቨርሲቲ የላከችኝ ከዚያ ቤት በሚገኘው ነው። ጥብሷ በሹፌሮች ዘንድ እስከ አሰላ ይታወቅ ነበር። ከደንበኞቿ አንዱ አንድ የወሎ ሰው፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ምሳውን እየበላ አዋሽ ሞልቶ ድልድይ በዘጋ ጊዜ የሆነውን ሲያወራ ሰማሁት። «ካላማዳሪ ነፍተን፣ እንጨት አጋድመን አስረን፣ ኩንታል በቆሎ ሳይቀር አሻገርንበት። እንደ አልጋ እኮ ነው የሚመቸው» አለ። ካላማዳሪ የሚሉት ከመኪና ጎማ ውስጥ የሚነፋውን ላስቲክ ነው። በቆሎ ከተሻገረ ሰው ለምን አይሄድበትም አልኩ በልቤ። ከዝዋይ በታች ተነስተን፣ በቡልቡላ ወንዝ ላይ ቀስ እያልን ወርደን፣ ግራሮቹን በውሃ በኩል አይተን፣ ቡልቡላ ከተማ ድልድዩ ሥር ምሳ። ትኬት የገዛ ሁሉ በዚያው ለደኑ ከፈለ ማለት ነው።

ሹፌሩን ጠየቅኩት። ማንኪያውን አስቀምጦ ትንሽ አሰበና፣ «ካላማዳሪውን እኔ ከጋራዥ አመጣልሻለሁ። ሰዎቹን ግን አንቺው ታመጫለሽ» አለኝ።

የሚመራን ሰውም ተገኘ። ላንጋኖ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ በሞተር ጀልባ ቱሪስት ሲያንሸራሽር የኖረ፣ ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ግን ጀልባውን እየወለወለ የሚውል ሰው ነበር። ልናነጋግረው ስንሄድ ነጭ ባርኔጣውን አስተካክሎ ተቀበለን። «ካፒቴን በሉኝ» አለ። የራሱን ስም ነግሮን አያውቅም፣ እኛም ጠይቀነው አናውቅም። ወንዙን ያውቀው እንደሆነ ስጠይቀው፣ «እህቴ፣ ውሃ ውሃ ነው» አለኝ። መልሱ ያኔ ብስለት መስሎኝ ነበር።

የቀረው ፈቃድ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከአብዮቱ በፊት ፎቶ ቤት ውስጥ ይሠራ የነበረ፣ ሰላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም፤ ግን ምንም ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም።

«ጓድ መምህርት፣» አለኝ ጣቱን በጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ፣ «ይኼ ነገር ልማት ነው ወይስ መዝናናት?»

«ልማት ነው ጓድ። መዝናናቱ መንገድ ላይ ነው የሚያጋጥመን።»

«መሪያችሁ የቡርዧ አንሸራሻሪ ነበር ይባላል።»

«አሁን ሰፊውን ሕዝብ ያንሸራሽራል።»

ይኼኛው መልስ ደስ አለው። ማኅተሙን አነሳ፣ እፍ እፍ አለበት፣ መታ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ሁኔታውን በቅርብ ለመከታተል እኔም እመጣለሁ» አለ። ዋና እንደማይችል የነገረኝ በሩ ድረስ ከሸኘኝ በኋላ ነው፤ ያውም ዝቅ ባለ ድምፅ።

ትኬቱ ካሰብኩት በላይ ቶሎ አለቀ። የባንክ ሠራተኞች፣ ነርሶች፣ ጨርቅ ነጋዴዎች ከነሚስቶቻቸው፣ የሒሳብ መምህሩም ጭምር ገዙ። ሰው ለካ ሳያስገድዱት የሚከፍልበት ነገር ናፍቆት ነበር። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ቦታዎች ሲቀሩ እናቴ ሽርጧን ፈትታ መጣች።

«ለኔም ቁረጪልኝ።»

«እማዬ፣ አንቺ የሶደሬን ፍል ውሃ እንኳ ከዳር ሆነሽ አይደል የምትታጠቢው?»

«ልጄ ባዶ ቦታ ይዛ ሄደች ከሚባል ብሰጥም ይሻለኛል» አለች። የድልድዩን ምሳ የማዘጋጀው እኔ ነኝ ስትል ደግሞ ትኬቷን ቆረጥኩላት።

የጉዞው ዕለት በሁለት ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተጭነን በጠዋት ከናዝሬት ወጣን። ሞጆን አለፍን፤ ዓለም ጤና ላይ እናቴ መኪናውን አስቁማ ሽንኩርት ተከራክራ ገዛች፤ መቂ ላይ ዳቦ ተጨመረ። የቀበሌው ወጣቶች «ደናችንን በተባበረ ክንድ እንጠብቃለን!» የሚል ጨርቅ ከመኪናው ጎን አስረውበት ስለነበር በየከተማው ሰው ስብሰባ የምንሄድ መስሎት ከንፈር ይመጥልን ነበር።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ሹፌሩና ካፒቴኑ ሦስት ታንኳ ሠርተው ጠበቁን። እያንዳንዱ ታንኳ የተነፉ ትልልቅ ካላማዳሪዎች ከታች፣ የባሕር ዛፍ አጣና ከላይ፣ በአጣናው ላይ ሰሌን ነው። ሁለቱን የዝዋይ ሐይቅ ጀልበኞች ይዘዋቸዋል፤ የፊተኛውን ራሱ ካፒቴኑ። እያንዳንዳችን ወገባችን ላይ የምናጠልቀው የትንሽ መኪና ካላማዳሪም ተሰጠን። ሊቀመንበሩ የተተኮሰ ካኪውን ለብሶ፣ በካኪው ላይ ካላማዳሪውን አጥልቆ፣ እጁን ከላይ አሳርፎ ሲቆም ማንም እንዳይስቅ መሬት መሬቱን እናይ ነበር።

እናቴ ካፒቴኑን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና፣ «ለመሆኑ ዋና ትችላለህ ልጄ?» አለችው።

«እትዬ፣ ካፒቴን አይዋኝም። ካፒቴን ከዋኘ ጀልባው ሰጥሟል ማለት ነው።»

ተነሳን። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው የተቀመጠበትን አጣና ጨምድዶ ይዞ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ አንዷ ነርስ ጫማዋን አወለቀች፣ ከዚያ ሁሉም አወለቀ። ውሃው እንደ ሻይ በወተት የመሰለ፣ ለብ ያለ ነው። ከሐይቁ የሚመጣ ነፋስ ከኋላ ይገፋናል። ዓሣ አዳኝ ወፎች ከደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ሆነው አንገታቸውን ወደኋላ ቀልብሰው ይጮሃሉ፤ ከሸምበቆው ውስጥ ዳክዬ ተነስቶ በላያችን ያልፋል። በኋለኛው ታንኳ ዘፈን ተጀመረ። እኔ ባዮሎጂ መምህርት እንደመሆኔ የወፎቹን ስም ልዘረዝር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ካፒቴኑ ግን ለማንም ቦታ አልለቀቀም። ቱሪስት ሲያጣ አፉ ውስጥ ተጠራቅሞ የቆየውን ወሬ ሁሉ ያን ቀን አወጣው።

«በስተቀኝ የምታዩት ጉብታ ንጉሡ ዓሣ ሲያጠምዱ የሚቀመጡበት ነበር።»

«የትኛው ንጉሥ?» አለ ሊቀመንበሩ።

ካፒቴኑ መቅዘፉን አቆመ። «ያው… ሰፊው ሕዝብ ያስወገዳቸው» አለና ቶሎ ብሎ በስተግራ ስላለው ቁጥቋጦ መናገር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ታሪክ ትቶ ስለ ዓሣ ብቻ አወራ።

ግራሮቹ ጋ ስንደርስ ወሬው በራሱ ቆመ። ቅርንጫፎቻቸው ከሁለቱም ዳር ተዘርግተው ከላያችን ሊገናኙ ምንም አልቀራቸውም፤ ብርሃኑ በቅጠሉ ተወንፍቶ ውሃው ላይ ይንቀጠቀጣል። የሸማኔ ወፍ ጎጆዎች እንደ ፍሬ ተንጠልጥለዋል። የሒሳብ መምህሩ በቀስታ፣ «ለዚህ ከሆነስ ደሞዜም ይቆረጥ» ሲል ሰማሁት። ደስ አለኝ። ካፒቴኑም ሰው ሁሉ ወደ ላይ ማየቱ ደስ ስላለው ይበልጥ ጥላ ወዳለበት ወደ ዳር ወሰደን።

አንድ ቅርንጫፍ ከተገቢው በላይ ዝቅ ብሎ ነበር። ነጫጭ እሾሁ የጣት ርዝመት አለው። «ጎንበስ በሉ» አለ ካፒቴኑ፤ ሁላችንም ጎንበስ አልን። ካላማዳሪው ግን ጎንበስ አላለም።

ፍስስስ የሚል ድምፅ ተሰማ። ልንጠብቀው የመጣነው ዛፍ ወጋን ማለት ነው። የታንኳው አንድ ማዕዘን ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ፤ ያ ማዕዘን ደግሞ ሊቀመንበሩ የተቀመጠበት ነው። ውሃው መጀመሪያ ጫማውን፣ ከዚያ የካኪውን ጉልበት ያዘ። ቃል አልተነፈሰም፤ ዓይኑን አፍጥጦ ፊት ለፊት ብቻ ያያል። አጠገቡ የነበረችው እናቴ ቀበቶውን በሁለት እጇ ጨመደደችው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እርስዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ስትለው የኖረች ሴት ነች።

«ወደ እኔ ተጠጋ ልጄ፤ አትንቀጥቀጥ፣ ይዤሃለሁ» አለችው። ተጠጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎ ብላው አታውቅም።

ከኋላችን የነበሩት ሁለት ታንኳዎች የሆነውን ሳያውቁ እየዘፈኑ፣ እጃቸውን እያውለበለቡ አለፉን። እኛም አውለበለብንላቸው። መሪው ታንኳ ኋለኛ ሆኖ ቀረ። እየገፋንና እየተጎተትን ከዳር ወጣን፤ ካፒቴኑ ባርኔጣውን ብቻ ሳያርስ ሌላውን ሁሉ አርሶ ነበር።

«መለጠፊያ ይዘሃል?» አልኩት።

«ሐይቅ ላይ እኮ እሾህ የለም» አለኝ። ያኔ ነው ወንዝ ላይ ቀዝፎ እንደማያውቅ የገባኝ።

ምን እንደምናደርግ ስንመክር እናቴ አፍንጫዋን ወደ ላይ አንስታ ማሽተት ጀመረች። እኛም ሸተተን። ከግራሮቹ ጀርባ፣ በአፈር ከተሸፈነ ክምር ውስጥ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ሊቀመንበሩ እግሩ መሬት ስለነካ ድምፁ ተመልሶለታል። «ከሰል እያከሰሉ ነው። እዚሁ፣ በዘመቻችን ዕለት» አለና ከእርጥብ ኪሱ እስክሪብቶ እየፈለገ ቀደመን።

ከክምሩ አጠገብ አንዲት ሴት አካፋ ይዛ ቆማለች። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ የሚበልጥ አይመስልም፤ ፊቷ ላይ ጥላሸት አለ። ካኪውን ስታይ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ዓይኗ እናቴ ላይ አረፈና መላ ፊቷ ተፈታ።

«እትዬ፣ ምነው በዚህ በኩል? ለሰኞ ያዘዙት እኮ ገና እየነደደ ነው።»

ሁላችንም ወደ እናቴ ዞርን። ነርሷ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ካፒቴኑ፣ ሊቀመንበሩ፣ እኔ። እናቴ ወገቧ ላይ ያለውን ካላማዳሪ ከፍ አድርጋ አስተካከለች።

«አካም ጅርታ የኔ ልጅ» አለቻት። «ልጄ ለሽርሽር ይዛኝ መጥታ ነው።»

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አግኝቶት ነበር። «ስም?» አለ ሴትየዋን።

«ስሟን ምን ያደርግልሃል?» አለች እናቴ።

«ሕገ ወጥ ነው እናቴ። የሕዝብ ሀብት ነው የምታቃጥለው።»

«እንግዲያው ሁለት ሰው ጻፍ። የምታከስለው እሷ፣ የምገዛት እኔ። ደግሞ ሰኞ ጠዋት ቁርስህን የት እንደምትበላ አስብበት።»

ሴትየዋ ማልቀስ አልጀመረችም፤ እንዲያውም አካፋዋን መሬት ላይ ተክላ በግልጽ ተናገረች። ባሏ ወደ ጦር ግንባር ተወስዶ ወሬው ጠፍቷል። በሬ የላትም፤ ያለ በሬ መሬት ቢኖራትም ጥቅም የለውም። ልጆች አሏት። «ሌላ ሥራ ካለ ንገሩኝ» አለች። «ጭሱን ወድጄው መሰላችሁ?»

እኔ ያን ጊዜ ደረቴ ላይ ደማቅ አረንጓዴ የክበባችን ጥብጣብ ተሰክቶ ቆሜያለሁ። ስለ አፈር መሸርሸር፣ ስለ ዝናብ መጥፋት ብዙ የማውቀው ነገር ነበረኝ፤ አንዱም ግን ለሷ ሥራ የሚሆን አልነበረም። እናቴ ዘወር ብላ አየችኝ። የቁጣ ሳይሆን አንድ ነገር ሊገዛ የሚያሰላ ሰው ዓይን ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ መንገዱን ሁሉ ዛፍ ዛፍ ስትዪ መጣሽ። እውነትሽን ነው፤ ዛፉ ያምራል፤ እኔም እንደዚህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ግን የተማርሽው በከሰል ነው። በጥብስ እንዳይመስልሽ፣ ጥብስ ያለ ከሰል አይጠበስም። የዛሬ ምሳችሁም ከሷ ከሰል ጋር ተጭኖ ድልድዩ ሥር እየጠበቀን ነው።»

የሒሳብ መምህሩ ሳቀ። ከዚያ ነርሷ ሳቀች፣ ሁላችንም ተከተልን፤ ሴትየዋም ጭምር። ሊቀመንበሩ ብቻ አልሳቀም፤ እስክሪብቶው ግን ውሃ ጠጥቶ አልጽፍ አለው።

ከችግራችን ያወጣችንም ያቺው ከሰል አክሳይ ነች። ውሃ የምትቀዳባቸውን ባዶ ጀሪካኖች አመጣች፤ በፈነዳው ካላማዳሪ ቦታ በገመድ አሰርናቸው። ካፒቴኑ ዙሪያውን ዞሮ አየና፣ «እንዲያውም ሚዛኑ ተሻሻለ» ብሎ እንደ ራሱ ሥራ አድርጎ ተቀበለው። ጀሪካኖቹን ከድልድዩ በኋላ በሹፌሩ እንመልስልሻለን ብለን ተለያየን።

የቀረው መንገድ ላይ የታየው ትርኢት ወፍም ዛፍም አይደለም፤ እናቴ ነች። ሊቀመንበሩ አሁን መሐል ላይ፣ ከሷ ጎን ተጣብቆ ተቀምጧል፤ ቀበቶውን ደግሞ አልለቀቀችውም።

«ልጄ፣ ላምባ በቀበሌ ሱቅ ነው አይደል የሚከፋፈለው?»

«አዎ።»

«ለምግብ ቤቶችስ ለምን አይሰጥም?»

«ለምግብ ቤት ኮታ የለም። ለመኖሪያ ቤት ብቻ ነው።»

ታንኳው አንድ ድንጋይ ነካ አድርጎ ተወዛወዘ። እናቴ የቀበቶውን መያዣ ትንሽ ላላ አደረገች፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። ሊቀመንበሩ ክንዷን ያዘ።

«ኮታው ግን ሊታይ ይችላል» አለ።

«መቼ?»

«በሚቀጥለው ስብሰባ።»

«ለአውቶቡስ ተራ ምግብ ቤቶች በሙሉ ነው እንግዲህ። ለኔ ብቻ ከሆነ ሰው ያማኛል።»

«ለሁሉም» አለ ውሃውን እያየ። እናቴ ቀበቶውን አጥብቃ ያዘች። ካፒቴኑ ጀርባውን ሰጥቶን ይቀዝፋል፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ የቡልቡላ ሕዝብ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ በሁለቱም በኩል ተደርድሯል፤ ቀድመውን የደረሱት ስንዘገይባቸው ሰጥመዋል ብለው አስወርተው ነበር። ሊቀመንበሩ ካኪው ከወገብ በታች ጠቁሮ፣ ካላማዳሪውን ማውለቅ ረስቶ ንግግር አደረገ። ስለ ደን፣ ስለ አብዮቱ ብዙ አለ። ወደ መጨረሻው ላይ ከኋላው የቆመችውን እናቴን ገልመጥ አድርጎ፣ የከሰል ፍጆታን ለመቀነስ የላምባ ክፍፍል እንደሚስተካከል ለሕዝቡ አስታወቀ። እናቴ ቀድማ አጨበጨበች።

ከዚያ ምሳ ሆነ። ጥብሱ በሁለት ጆንያ ከሰል ላይ ተጠበሰ። ሳህኑን ይዤ ትንሽ አመነታሁ፤ እርቦኝ ነበርና በላሁ። እንደ ሁልጊዜው ግሩም ነበር።

ከትኬቱ የተገኘው ገንዘብ ለአጥር ሽቦው በቃ፤ የችግኝ ጣቢያም ተቋቋመ። ችግኝ የሚያጠጣና ቦታውን የሚጠብቅ ሰው ሲፈለግ እናቴ በማያገባት ገብታ ያቺ ሴት ካልተቀጠረች አለች። አዛውንቱ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። «ስትቆርጥ የነበረችውን ነው የምታስጠብቁን?» አሉ። የሒሳብ መምህሩ ቢሸመግል፣ እኔ ብለምን እንቢ ብለው ሰነበቱ። የቀጠሯት በመጨረሻ ሌላ አመልካች ስላልመጣ ነው፤ ደሞዙ ያን ያህል የሚያጓጓ አልነበረም። የመጀመሪያውን ዓመት ችግኝ ግማሹን ፍየል በላው። ሁለተኛው ዓመት የተሻለ ነበር።

ላምባውም መጣ፤ ግን ምግብ ቤቱ ከሹፌሮች ጋር ሊጣላ ምንም አልቀረው። ጥብሱ ላምባ ላምባ ይላል አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። እናቴ ለተወሰነ ጊዜ ታግሳ፣ በኋላ ከእንጨት ሥራ ቤቶች ሰጋቱራ እየለመነች በቆርቆሮ ምድጃ ጠቅጥቃ ማንደድ ጀመረች። ሰጋቱራም ከዛፍ ነው የሚመጣው ብላት፣ «ከሞተ ዛፍ ነው፤ እኔ አልገደልኩትም» አለችኝ። ከሰል ጨርሳ አልተወችም፤ ለበዓልና ለእንግዳ ትገዛ ነበር። በፊት በሳምንት የምታነደውን ግን በወራት አትጨርሰውም።

ሁለተኛ ጉዞ አልተደረገም። ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ መቼ ነው ይለኝ ነበር፤ እኛም አስበን ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ግን መኪና ሁሉ ለጦርነቱ ተፈለገ፣ ጋራዡ ካላማዳሪውን አልሰጥም አለ። ካፒቴኑን አንድ ጊዜ ላንጋኖ አገኘሁት። ለጥቂት እንግዶች የቡልቡላን ወንዝ ከምንጩ እስከ መጨረሻው እንዴት እንደቀዘፈው እያወራላቸው ነበር። ሲያየኝ ባርኔጣውን አነሳልኝና ወሬውን ቀጠለ።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ማንም ማንንም የማያዝበት ጊዜ ነበር። ከዝዋይ እስከ ላንጋኖ መጥረቢያ ያልያዘ ሰው የለም ይባል ነበር። መንገዱ ሲረጋጋ እናቴን ይዤ ወረድኩ። ሽቦው ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ ተወስዷል። ግራሮቹ ግን በወንዙ በወዲህ በኩል ቆመዋል፤ ከሥራቸው እኛ የተከልናቸው ደግሞ ከሰው ቁመት አልፈዋል። ሴትየዋ ከቤቷ ወጥታ አቀፈችን። ባሏ አልተመለሰም፤ እሷ ግን ላም ገዝታ ነበር።

«እንዴት ተረፈ?» አልኳት።

«መጥተው ነበር፤ ብዙዎች ናቸው» አለች። «አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ፣ አብረን ያከሰልን ነን። ጥላው ሥር ተቀመጡ አልኳቸው። ተቀመጡ። ወተት ሰጠኋቸው። ስንጫወት ዋልን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተሻግረው የማዶውን ቆረጡ።»

ዞሬ ማዶውን አየሁ። እስከ አድማስ ገላጣ ነበር። እናቴ ግን ግንዱን ተደግፋ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣለች፤ ሴትየዋን ወተቷን ለማን እንደምትሸጥ እየጠየቀቻት ነበር።